ለደበዘዘ የተሳቢ መብራት የትኛው መፈተሻ ይሻላል? ሦስት መፈተሻዎችና የመጠገኛ ዕቃዎች ሲመዘኑ

የተሳቢ መብራት ጭራሽ ሲጠፋ ምክንያቱን ማግኘት አይከብድም። ወይ ፊውዝ ተቃጥሏል፣ ወይ ሽቦ ተበጥሷል፣ ወይ አምፖሉ አልቋል። የሚያለፋው እየበራ የደበዘዘው ነው። ኤሌክትሪኩ ደርሷል፤ የሚበቃውን ያህል ግን አልደረሰም። ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ መፈተሻዎች የተሠሩት «አለ ወይስ የለም?» ለሚለው ጥያቄ ስለሆነ እዚህ ላይ ሰውን ያሳስታሉ። ስለዚህ ሦስቱን የተለመዱ መፈተሻዎች የምንመዝናቸው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ መብራቱ የደበዘዘበትን ቦታ ያገኛሉ ወይስ አያገኙም? ከዚያ በኋላ ስለ መጠገኛ ዕቃዎቹ እናወራለን፤ ቦታው ተገኝቶ በመጥፎ ዕቃ ከተጠገነ ከጥቂት ወራት በኋላ እዚያው መመለስ ነውና።

አስቀድሞ ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ባለ ክር አምፖል ቮልት ሲቀንስበት ብርሃኑ የሚቀንሰው በዚያው ልክ አይደለም፤ በጣም ፈጥኖ ነው። ቮልቱ በ10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በ20 በመቶ ሲወርድ ደግሞ ከግማሽ በላይ ይጠፋል። ባለ 12 ቮልት አምፖል ሙሉ ብርሃኑን የሚሰጠው 13.5 ቮልት አካባቢ ሲያገኝ ስለሆነ፣ መንገድ ላይ 2.7 ቮልት ከጠፋ ስቶፑ (ፍሬን ሲረገጥ የሚበራው መብራት) ከኋላ ለሚመጣው ሾፌር በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። እነዚያ 2.7 ቮልቶች የት እንደቀሩ ማግኘት ነው ሥራው ሁሉ። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ የሚገኙት በማሳው በኩል፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ከመብራቱ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ በሚመለስበት መንገድ ላይ ነው።

መሣሪያ ከመግዛት በፊት

በዓይን ብቻ የሚለዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ሽፋኑ ነው። ፀሐይ ያቃጠለው ቀይ ፕላስቲክ፣ ውስጡ የገባ አቧራ፣ ብሩ የተላጠ አንጸባራቂ፣ እነዚህ ሁሉ ቮልቱ ሙሉ ሆኖ እንኳ መብራቱን ያደበዝዛሉ። ሽፋኑን ፈትቶ አምፖሉን ራቁቱን ማየት ነው። አምፖሉ ራሱ በደንብ እያበራ ከሆነ ሽቦ መነካካት አያስፈልግም።

ሁለተኛው የአምፖሉ ዓይነት ነው። ባለ 24 ቮልት አምፖል በስህተት ባለ 12 ቮልት ተሳቢ ላይ ከገባ አይቃጠልም፤ ከብርሃኑ አንድ አሥረኛውን ያህል ብቻ እየሰጠ ይቀመጣል። መልኩ አንድ ስለሆነ ከብረቱ አንገት ላይ የተጻፈውን ማንበብ ግድ ይላል። ባለ ሁለት ክሩ አምፖል ላይም ሌላ ወጥመድ አለ። ይህ 21 ዋት ለስቶፕ፣ 5 ዋት ለኋላ መብራት የሚሠራው ነው። ጎንና ጎኑ ያሉት ሁለት እሾሆች ሆን ተብለው ከፍና ዝቅ ተደርገው ተሠርተዋል፤ ያረጀና የላላ መቀመጫ ግን አምፖሉን ተገልብጦም ይቀበለዋል። ያን ጊዜ የኋላ መብራቱ ከሚገባው በላይ ይደምቃል፤ ፍሬን ሲረገጥ ደግሞ ትንሿ ክር ብቻ ስለምትበራ ስቶፑ ደካማ ይሆናል። አንዱ ጎን ከሌላው ጋር ካልተመሳሰለ መጀመሪያ አምፖሉን አውጥቶ እሾሁን ማየት ይገባል።

ሦስተኛው የምልክቶቹ ንባብ ነው። አንድ ጎን ብቻ ከደበዘዘ ችግሩ እዚያው መብራቱ ላይ ነው፤ መቀመጫው ወይም የራሱ ማሳ። ሁለቱም ጎን፣ ሁሉም ሥራ ላይ ከደበዘዘ ዋናው ነጭ የማሳ ሽቦ፣ ስፒናው (የመኪናው ሶኬት ላይ የሚሰካው የተሳቢው ገመድ ጫፍ) ወይም ጎታቹ መኪና ነው። ስቶፕ ብቻ በሁለቱም በኩል ከደበዘዘ ማሳውን ትቶ የስቶፑን ሽቦ ይዞ መሄድ ነው። ፍሬቻ ሲበራ የኋላ መብራቱ አብሮ ጭል ጭል ካለ፣ ወይም ፍሬን ሲረገጥ የኋላ መብራቱ ከወረደ፣ ያ የማሳ ችግር ነው። መመለሻ ያጣው ኤሌክትሪክ በሌላው አምፖል ክር በኩል ዞሮ መውጫ ሲፈልግ የሚታይ ምልክት ነው።

ማሳው ጨርሶ በመጎተቻው ኳስ በኩል ብቻ የሚመለስባቸው ተሳቢዎችም ብዙ ናቸው። ነጩ ሽቦ ተበጥሶ ብረት ለብረት በመነካካት መብራቱ ይበራል፤ ኳሱ ግራሶ ሲቀባ ወይም መንገዱ ሲያናውጥ ይደበዝዛል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ጎማው ሥር ታኮ ተደርጎ፣ ስፒናው እንደተሰካ ተሳቢው ከኳሱ ላይ ይነሳል፤ የደኅንነት ሰንሰለቱም ቢሆን ብረት ነውና ይፈታል። መብራቱ በዚህ ጊዜ ከጠፋ ነጩ ሽቦ ሥራ ላይ አልነበረም ማለት ነው።

ሶኬት ላይ የሚሰካው ባለ ኤል ኢ ዲ መፈተሻ

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ይህን ነው፤ ለደበዘዘ መብራት ግን ከሦስቱ የመጨረሻው እርሱ ነው። የመኪናው ሶኬት ላይ ይሰካና ፍሬቻው፣ ስቶፑ፣ የኋላ መብራቱ በተራ ሲበራ ትንንሽ መብራቶቹ ይከተላሉ። በአንድ ሥራ ጎበዝ ነው፦ የመኪናው ሶኬት ሽቦዎች በየቦታቸው መታሰራቸውን በደቂቃ ያሳያል። በአይ ኤስ ኦ 1724 ደንብ በተሠራው ባለ 7 እግር የ12 ቮልት ሶኬት፣ 1 ቁጥር ቢጫው ግራ ፍሬቻ፣ 2 ሰማያዊው የኋላ የጉም መብራት፣ 3 ነጩ ማሳ፣ 4 አረንጓዴው ቀኝ ፍሬቻ፣ 5 ቡናማው የቀኝ የኋላ መብራት፣ 6 ቀዩ ስቶፕ፣ 7 ጥቁሩ የግራ የኋላ መብራት ነው። የ24 ቮልቱ የከባድ መኪና ሶኬት የእግር አቀማመጥ ከዚህ ይለያል፤ እዚያ ማሳው 1 ቁጥር ላይ ነው።

ለምን አይረዳም? እያንዳንዱ ኤል ኢ ዲ የሚስበው ከ10 እስከ 20 ሚሊ አምፔር ብቻ ስለሆነ። የማሳው መገናኛ ዝጎ ግማሽ ኦም ተቃውሞ ፈጠረ እንበል። በ20 ሚሊ አምፔር በዚያ ዝገት ላይ የሚጠፋው 0.01 ቮልት ነው፤ መፈተሻው ፏ ብሎ ይበራል። ተሳቢው ግን ሁለት ባለ 21 ዋት ስቶፕ፣ አምስት ባለ 5 ዋት የኋላ፣ የጎንና የታርጋ መብራት ካለው 5.6 አምፔር ያህል ይስባል፤ በዚያው ዝገት ላይ ከ2 ቮልት በላይ ይቀራል። መፈተሻው «ደህና ነው» ይላል፣ ተሳቢው ደብዝዞ ይቆማል፣ ባለቤቱም ጥሩውን አምፖል መለወጥ ይጀምራል። ይህ ዕቃ ዋጋው ቀላል መሆኑ አያታልል።

ባለ አምፖሉ የመፈተሻ እስክሪብቶ

ሹል ጫፍ፣ ግልጽ እጀታ፣ ውስጡ ትንሽ አምፖል፣ ጅራቱ ላይ መቆንጠጫ ያለው ነው። የሚስበው ከኤል ኢ ዲው ብዙ እጥፍ ስለሆነ ደካማ መገናኛን በድምቀቱ ልዩነት ሊያሳይ ይችላል። አጠቃቀሙ ላይ ብዙዎች የሚስቱት አለ። መቆንጠጫውን ተሳቢው ሻንሲ ላይ አስረው ፖዘቲቩን ብቻ ይነካሉ፤ ያ ጥሩውንና መጥፎውን ይቀላቅላል። ትክክለኛው መቆንጠጫውን በረዥም ሽቦ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር አገናኝቶ በሹሉ ጫፍ የመብራቱን የማሳ ብረት መንካት ነው። የባትሪውን ኔጋቲቭ ሲነኩት ከሚሰጠው ድምቀት ካነሰ ማሳው ታሟል።

ሆኖም ከሚሸጠው ይልቅ በእጅ የሚሠራው ይበልጣል። አንድ ያረጀ የአምፖል መቀመጫ፣ አንድ ባለ 21 ዋት አምፖል፣ ሁለት ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ እያንዳንዱ 2 ሜትር፣ ሁለት መቆንጠጫ፣ መሐል ላይ ባለ 5 አምፔር ፊውዝ። ይህ 1.75 አምፔር ያህል ስለሚስብ እንደ እውነተኛው ስቶፕ ሆኖ መስመሩን ያስጨንቃል። ደካማ መስመር እሱ ፊት መደበቅ አይችልም። ሁለት ጥንቃቄ ግን አለው። አምፖሉ ፕላስቲክ እስከማቅለጥ ድረስ ስለሚግል የሚያርፍበት ቦታ ይታሰብበት። ሌላው፣ በአዳዲስ መኪኖች የኮምፒውተር ወይም የኤርባግ ሽቦ ላይ ፈጽሞ አይሞከር፤ ቦታው ተሳቢው ብቻ ነው።

ሹሉን ጫፍ በሽቦ ልባስ ውስጥ መውጋት መጥፎ ልማድ ነው። በመርፌ ቀዳዳዋ ውኃ ይገባል፣ መዳቡ ከውስጥ ይጠቁራል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አዲስ የደበዘዘ መብራት ይወለዳል። ስፒናው፣ መቀመጫውና መገናኛው ክፍት ቦታ ናቸው፤ እዚያ መንካት ይበቃል።

ዲጂታል መልቲሜትር

ከሦስቱ አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው ይህን ይግዛ። ቁጥር የሚሰጠው እሱ ብቻ ነው። ውድ መሆንም የለበትም፤ በ20 ቮልት የዲሲ መለኪያው 0.01 ቮልት ማሳየት ከቻለ ለዚህ ሥራ በቂ ነው። ከሳጥኑ ጋር የሚመጡት ገመዶች አጭር መሆናቸው ነው ጉድለቱ። ከ6 እስከ 8 ሜትር የሚሆን ተጨማሪ ሽቦ ከሁለት መቆንጠጫ ጋር ይዘጋጅ። ሜትሩ ራሱ የሚስበው ከቁጥር የማይገባ ስለሆነ ይህ ሽቦ ቀጭን ቢሆን ግድ የለም።

ኦም የሚለካበትንና ጲጵ የሚልበትን ቦታ ለዚህ ሥራ መርሳት ነው። ከ20 የመዳብ ክሮች 19ኙ ተበጥሰው አንዱ ብቻ የቀረበት ሽቦ ጲጵ ይላል፤ ስቶፕ ግን አያበራም። መለካት ያለበት መብራቱ እየበራ፣ ጭነቱ ላይ ሆኖ፣ ቮልት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተሳቢው ተሰክቶ የኋላ መብራቱ ይበራ፤ ፍሬኑን አንድ ሰው ረግጦ ይያዝ። ሞተሩ ከተነሳ እስከ መጨረሻው እንደተነሳ ይቆይ፤ ሞተሩ የጠፋና የተነሳ ቁጥሮችን ማወዳደር ራስን ማታለል ነው። መጀመሪያ ባትሪው ላይ ይለካ። ሞተሩ እየሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት መኖር አለበት። ከዚያ መብራቱ ላይ፣ በአምፖሉ የፖዘቲቭ ነጥብና በመቀመጫው ብረት መካከል ይለካ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ብዙም ካልዘለለ መስመሩ ጤነኛ ነው። 2 ቮልት ከጎደለ ፍለጋው ይጀመራል።

በማሳው መጀመር ይሻላል። ጥቁሩ የሜትር ጫፍ በረዥሙ ሽቦ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ታስሮ ይቀመጥ፤ አይነሳም። ቀዩ ጫፍ ከአምፖሉ መቀመጫ ብረት ይነሳና ወደ መኪናው ደረጃ በደረጃ ይሂድ። ለምሳሌ መቀመጫው ላይ 1.90 ቮልት፣ መብራቱን የያዘው ብሎን ላይ 1.86፣ ሻንሲው ላይ ቀለሙ ተፍቆ 1.80፣ የነጩ ሽቦ ቀለበት ላይ ደግሞ 0.25 ቢያሳይ፣ ከ1.5 ቮልት በላይ የቀረው በሻንሲውና በቀለበቱ መካከል ነው፤ ቀለበቱ ሥር ቀለም ወይም ዝገት አለ። ቁጥሩ ዝላይ ያደረገበት ቦታ ነው ሕመሙ። ቀለበቱ ላይም 1.75 ካለ ወደ ፊት መቀጠል ነው፤ የስፒናው 3 ቁጥር እግር፣ ቀጥሎ የሶኬቱ ጀርባ፣ ከዚያ ሽቦው የመኪናውን ቦዲ የሚነካበት ብሎን። ጤነኛ መገናኛ አንድ በአንድ ከ0.1 ቮልት በላይ አይበላም፤ የማሳው መንገድ ሁሉ ተደምሮ እስከ 0.3 ቢደርስ ችግር የለውም።

ማሳው ንጹሕ ከሆነ በተቃራኒው ይሠራል። ቀዩ ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ይታሰርና በጥቁሩ ጫፍ ከአምፖሉ የፖዘቲቭ ነጥብ ወደ ፊት ይኬዳል። እዚህ ብዙ ጊዜ የሚያዘው የስፒናው እግር ነው። መሐላቸው የተሰነጠቁት የናስ እግሮች በብዙ መሰካትና መንቀል ይጠባሉ፤ በቀጭን ቢላዋ ስንጥቁን በጥቂቱ መክፈት ጥብቀታቸውን ይመልሳል። በኃይል ከተከፈቱ ይሰበራሉ።

ጥፋቱ የመኪናው ነው የተሳቢው የሚል ክርክር ከተነሳ፣ ተሳቢውን ለብቻው በሙሉ ባትሪ መፈተን ይፈርዳል። የባትሪው ኔጋቲቭ ከስፒናው የማሳ እግር፣ ፖዘቲቩ በ10 አምፔር ፊውዝ በኩል ከሌሎቹ እግሮች ጋር በተራ ይገናኝ። እዚህ ደምቆ መኪናው ላይ ከደበዘዘ ተሳቢውን መፍታት ይብቃ።

የመጠገኛ ዕቃዎቹ

የማሳ ጥገና ርካሽ ነው፤ ግን በጥንቃቄ ካልተሠራ አይቆይም። ቀለሙ ነጭ ብረት እስኪታይ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቅ። ባለ ቀለበት ተርሚናል፣ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላና ዳዶ ይግባ፤ ከጠበቀ በኋላ ከላይ በቀለም ወይም በግራሶ ይሸፈን። ፋብሪካዎች የሚወዱት ራሱን እየበሳ የሚገባው ቪስ በስስ ላሜራ ላይ ሁለት ሦስት ጥርስ ብቻ ይዞ ስለሚቆም በንዝረት ይላላል። ከዚህም የሚሻለው ሻንሲውን ጭራሽ አለማመን ነው። ከእያንዳንዱ መብራት የራሱን የማሳ ሽቦ እስከ ስፒናው መጎተት ጥቂት ሜትር ሽቦ ያስወጣል፤ ጥቅሙ ግን ዓመታት ይዘልቃል።

ዝግጁ ተብሎ በጥቅል የሚሸጠው የተሳቢ ሽቦ ትልቁ ጉድለቱ ውፍረቱ ነው። ባለ 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ በሜትር 0.034 ኦም ያህል አለው። 6 ሜትር ላይ ሁለት ስቶፕ 3.5 አምፔር ሲስቡ በመሄጃው 0.7 ቮልት፣ የሁሉንም መብራት ጭነት በሚመልሰው የማሳ ሽቦ 1.15 ቮልት ይበላል። ገና ዝገት ሳይመጣ፣ አዲስ ሳለ፣ 1.9 ቮልት ሄዷል ማለት ነው። በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ድምሩ 0.6 ብቻ ነው፤ ማሳውን 2.5 ማድረግ ደግሞ የበለጠ ይቀንሰዋል። ልባሱ ወፍራም፣ መዳቡ ግን ስስ የሆነ ሽቦ ስላለ በውጩ መልክ አይገመት፤ ጫፉ ተልጦ ይታይ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየምም ይሸጣል። ክሩ በቢላዋ ሲፋቅ ውስጡ ነጭ ከሆነ እሱ ነው፤ ከመዳብ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይቃወማል፣ በእርጥበትም ፈጥኖ ይበላል። ለተሳቢ አይሆንም።

ሽቦ ሳይላጥ በፒንሳ የሚጨመቁት ባለ ቀለም የፕላስቲክ ማያያዣዎች ለዝናብና ለጭቃ አልተሠሩም። ምላጫቸው ጥቂት ክሮች ይቆርጣል፣ ሳጥናቸው ውኃ ያስገባል። በእነሱ ፋንታ ውስጡ ማጣበቂያ ያለው፣ በሙቀት የሚኮማተር ማያያዣ ይወሰድ፤ በትክክለኛው መጭመቂያ ተጨምቆ፣ ማጣበቂያው በሁለቱም ጫፍ ብቅ እስኪል ይሞቅ። ከመያያዙ በፊት የድሮው ሽቦ ጫፍ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ከተገኘ የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪመጣ ወደ ኋላ መቁረጥ ነው። ጥቁሩን ጨምቆ ማሰር ጥገና አይባልም።

ለስፒናና ለአምፖል መቀመጫ የሚሸጠው የማያስተላልፍ የኤሌክትሪክ ግራሶ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ስለ ሥራው ግን አይሳሳቱ። ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ የዛገንም አያድንም። ጥቅሙ በንጹሕና ጥብቅ መገናኛ ዙሪያ ውኃና አየርን መከልከል ነው። መጀመሪያ ማጽዳት፣ ከዚያ ስስ አድርጎ መቀባት። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ግራሶ ግን ብዙ እግር ባለው ስፒና ውስጥ መግባት የለበትም፤ ጎረቤት እግሮችን ያገናኛል።

አምፖሉን በኤል ኢ ዲ መለወጥ

ደብዛዛ መብራት ያስቸገረው ሁሉ የሚሰጠው ምክር ይህ ነው፤ ግማሹ እውነት ነው። ሙሉው መብራት ተዘግቶ የተሠራ፣ ከ10 እስከ 30 ቮልት የሚሠራ ኤል ኢ ዲ ጥቂት ስለሚስብ በሽቦው ላይ የሚጠፋው ቮልት ይቀንሳል፣ ድምቀቱም በትንሽ ጉድለት አይወርድም። ግን የታመመ ማሳ ላይ ሲገጠም ሕመሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። ዝገቱ ሥራውን ይቀጥልና አንድ ቀን ሁሉም በአንዴ ይጠፋል። ማሳው ተጠግኖ ከተገጠመ በኋላ ግን ከክር አምፖል በሁሉም ይበልጣል፤ ንዝረት አይጎዳውም፣ ውኃ ውስጥ ለሚገባ የጀልባ ተሳቢም ተመራጭ ነው፤ የጋለ የክር አምፖል ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ይሰነጠቃልና።

በድሮው መቀመጫ ላይ የሚገባውን የኤል ኢ ዲ አምፖል ግን አንመክርም። ሽፋኑና አንጸባራቂው የተሠሩት ዙሪያውን ለሚያበራ ክር ስለሆነ ብርሃኑ በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ከጎን ሲታይ ከድሮውም ይደበዝዛል። ብዙ አገር ደግሞ በሕግ የተረጋገጠው መብራቱ ከነአምፖል ዓይነቱ ነው።

አምፖል መኖሩን የሚቆጣጠሩ አዳዲስ መኪኖች ኤል ኢ ዲውን «የተቃጠለ አምፖል» አድርገው ያነቡታል፤ ፍሬቻው ይፈጥናል፣ ዳሽቦርዱ ላይ ምልክት ይመጣል። ለዚህ የሚሸጠው ተጨማሪ ሬዚስተር 21 ዋት የሚያህል ሙቀት ስለሚያወጣ ብረት ላይ እንጂ ፕላስቲክ ወይም ሽቦ ላይ አይታሰር። የኋላ መብራታቸውን ፈጥኖ በማብራትና በማጥፋት የሚያደበዝዙ መኪኖችም አሉ፤ ከእነሱ ሽቦ ላይ በቀጥታ የተቀጠለ ተሳቢ ንጹሕ ማሳ እያለውም ይደበዝዛል ወይም ይርገበገባል። እዚህ ገንዘብ የሚወጣበት ቦታ አንድ ነው፦ ምልክቱን ብቻ ከመኪናው ወስዶ የመብራቱን ኃይል በራሱ ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪው የሚስብ የተሳቢ ሞጁል። ከኋላ መብራቱ ኃይል የሚወስደው ርካሹ መለወጫ መልኩ ቢመሳሰልም ይህን ችግር አይፈታም፤ ሲገዙ ወደ ባትሪ የሚሄድ የራሱ ወፍራም ሽቦ መኖሩን ሳጥኑን ከፍቶ ማየት ይበቃል።